ከባዝልደን እስከ ኮሎኝ፦ «ሜሜንቶ ሞሪ»ን እየሰሙ የስድስት ቀን ጉዞ

«ሜሜንቶ ሞሪ» በላቲን «ሟች መሆንህን አትርሳ» እንደ ማለት ነው። የእንግሊዙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ዲፔሽ ሞድ በዚህ ስም 15ኛ የስቱዲዮ አልበሙን ያወጣው ማርች 24 ቀን 2023 ነው። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ ሜይ 26 ቀን 2022፣ ከባንዱ መሥራቾች አንዱ አንዲ ፍሌቸር በ60 ዓመቱ በድንገት አረፈ። ከልብ የሚነሳው ዋናው የደም ቧንቧ ግድግዳ ተሰንጥቆ ነው የሞተው። አልበሙ ሲወጣ ብዙ ሰው ለፍሌቸር የወጣ ሙሾ አድርጎ ሰማው። ነገሩ ግን እንዲያ ቀጥ ያለ አይደለም። አብዛኞቹ ዘፈኖች ፍሌቸር በሕይወት ሳለ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የተጻፉ ናቸው። ግጥሙ ቀድሞ ነበር፤ ሞቱ ኋላ ደረሰበት።

ታዲያ ኀዘኑ የት ነው ያለው? ለዚህ ጥያቄ ቦታዎቹን በተራ ማየት ይረዳል። ባንዱ የተወለደበት ከተማ፣ የመጀመሪያው ስቱዲዮ፣ ድምፁ የከበደበት በርሊን፣ ከዚያ ዘፈኖቹ ለሕዝብ የቀረቡባቸው ስታዲየምና አዳራሽ። ስድስት ቀን ይበቃል።

አንድ ነገር ከመነሳት በፊት መጨረስ አለበት። እንግሊዝ የሼንገን አባል አይደለችም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች ያስፈልጉታል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ እንግሊዝ ለመግባት ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በኢንተርኔት አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል። ብዙ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ የሚመለሰው በዚህ ነው።

1ኛ ቀን፦ ባዝልደን

ባቡሩ የሚነሳው ከለንደን ፌንቸርች ስትሪት ጣቢያ ነው፤ ባዝልደን ለመድረስ 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የወረቀት ቲኬት መግዛት አያስፈልግም፣ የባንክ ካርድ በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ይቻላል። ስህተት የሚሠራው ሲወጡ ነው። ካርዱን መውጫው ላይ ደግሞ ያላስነካ ሰው ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጥበታል። ሲገቡ በስልክ፣ ሲወጡ በፕላስቲኩ ካርድ ማስነካትም አይሠራም፤ ማሽኑ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል።

ባዝልደን በ1949 «አዲስ ከተማ» ተብሎ የተሰየመ፣ ከጦርነቱ በኋላ የምሥራቅ ለንደንን ቤት ያጣ ሕዝብ ለማስፈር የተሠራ ከተማ ነው። ከጣቢያው ወጣ ሲሉ መሀል ከተማው ላይ የሚታየው ብሩክ ሃውስ የተባለው ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ የዘመኑን ሐሳብ በደንብ ያሳያል። የሕንፃው ክብደት በሙሉ እንደ «ቪ» ፊደል በተከፈቱ የኮንክሪት እግሮች ላይ ነው። እግሮቹ ሥር መቆም ይቻላል። ለመታሰቢያነት የተዘጋጀ ነገር ፍለጋ የመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እዚህ የሚታየው ከተማው ራሱ ነው፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ገበያው፣ ኮንክሪቱ። የአባላቱን የልጅነት ቤቶች እየፈለጉ በር ማንኳኳት ግን ነውር ነው፤ ሌሎች ሰዎች ይኖሩባቸዋል።

ማርቲን ጎርና አንዲ ፍሌቸር ኒኮላስ በተባለው የከተማው ትምህርት ቤት አብረው ተምረዋል፤ ኋላ የታወቀችው ድምፃዊት አሊሰን ሞየትም እዚያው ነበረች። ቪንስ ክላርክ ተጨምሮ፣ በመጨረሻ ዴቭ ጋን በድምፃዊነት ገብቶ ባንዱ በ1980 ቆመ። መሣሪያዎቹ ትንንሽና ርካሽ ነበሩ፦ አንድ ሙግ ፕሮዲጂ፣ አንድ ያማሃ ሲኤስ-5፣ አንድ ካዋይ፣ ለምት ደግሞ ቦስ ዲአር-55 የተባለች የመጽሐፍ ያህል የሆነች የድራም ማሽን።

እነዚህ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ ኪቦርዶች) በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጡት። ሦስት ጣት ቢጫንም አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) መያዝ አይቻልም፤ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ዜማ ተጫውቶ ዜማዎቹ ሲገናኙ ነው ኮርዱ የሚፈጠረው። የባንዱ ዘፈኖች እስከ ዛሬ ድረስ በቀላሉ በአፍ የሚዜሙ አጫጭር የኪቦርድ መስመሮች የበዙባቸው ከዚህ የተነሳ ይመስለናል። ሌላው ጥቅም ጉልበት ነው። ድራምና ትልቅ አምፕሊፋየር ስለሌላቸው ልጆቹ ሲንተሳይዘራቸውን ታቅፈው በዚሁ ባቡር ለንደን ይሄዱ ነበር፤ እዚያ ደርሰው በቢራ ሳጥን ላይ ደርድረው፣ ገመዱን በቀጥታ የቤቱ ስፒከር ላይ ሰክተው ይጫወታሉ።

ፍሌቸር ከአራቱ ውስጥ ዘፈን የማይጽፍ፣ በመድረክ ላይም ጎልቶ የማይታይ ሰው ነበር። ሥራው ሌላ ነበር። የባንዱን ጉዳይ ይከታተል ነበር፤ ዝምተኛው ጎርና ቁጡው ጋን ሲጋጩ ደግሞ መሀል የሚገባው እሱ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ሽማግሌ። የ2023ቱን አልበም ለመስማት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀሩት ሁለቱ ያለ አስታራቂ የቀሩ ሰዎች ናቸውና።

ወደ ለንደን ሲመለሱ ከአልበሙ 12 ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹን ስድስት በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ። ባቡሩ ሲደርስ ግማሹ ያልቃል ማለት ይቻላል፤ ሙሉው 50 ደቂቃ ነው። በስልኩ ስፒከር መስማት ግን አልበሙን መግደል ነው። የመክፈቻው ዘፈን «ማይ ኮዝሞስ ኢዝ ማይን» የቆመው እንደ ወፍጮ በሚፈጭ ወፍራም የታችኛው ድምፅ ላይ ስለሆነ በስልክ ስፒከር የሚቀረው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

2ኛ ቀን፦ ለንደን፣ ሳዘርክ

ከሳዘርክ የምድር ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ቢሄዱ ኮፐርፊልድ ስትሪት ላይ ኦል ሃሎውስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ቅሪት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመትቶ ፈርሷል። በቀረው ሕንፃ ውስጥ ኤሪክ ራድክሊፍ የተባለ ባለሙያ ብላክዊንግ ስቱዲዮን ከፈተ። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በ1981 የተቀዳው እዚህ ነው። በሩ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ከአጥሩ ውጭ ለማየት ተዘጋጅተው ይሂዱ፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ቀረጻውን የመራው በ1978 ሚዩት ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ የመሠረተው ዳንኤል ሚለር ነው። ይዞ የመጣው ኤአርፒ 2600 የተባለ ሲንተሳይዘርና ባለ 16 እርምጃ ሲክወንሰር (ኖታዎችን በተራ በራሱ የሚያጫውት መሣሪያ) ነበር። አሠራሩን ማወቅ ለሚፈልግ፦ ሲክወንሰሩ ላይ 16 ተንሸራታች ቁልፎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ የአንድ ኖታ ከፍታ የሚወስን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይልካል፤ ማሽኑ ከአንድ እስከ 16 እየቆጠረ ይዞራል። አንድ ሰው ፍጥነቱን እያስተካከለ፣ ቁልፎቹን በጆሮው እየለካ ወደ ትክክለኛው ኖታ ያመጣል፣ ከዚያ ቴፑ ይለቀቃል። ቀጥሎ ሁለተኛው መስመር በላዩ ይቀዳል፣ ሦስተኛው እንደዚሁ።

የሚበላሸው ቃናው ነው። የዚያ ዘመን አናሎግ ማሽን በሙቀት ይነካል። ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ማሽኑ ራሱ ሲግል የኖታው ከፍታ ቀስ እያለ ይሸሻል። ስለዚህ መሣሪያው ከመቃኘቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ መቆየት አለበት፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊትም ቃናው እንደገና ይመረመራል። ይህን የዘለለ ሰው ጠዋት የቀዳው ቤዝ ማታ ከቀዳው ዜማ ጋር አይገጥምለትም። ያ መንሸራተት በልክ ሲሆን ግን የድምፁ ሕይወት እሱ ነው። ሁለት ማሽኖች አንድ ኖታ ሲይዙ፣ አንዱ በጥቂቱ ዝቅ ቢል ድምፁ መተንፈስ ይጀምራል። ይህ ዓይነቱ ድምፅ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ያዋሃደበትን ካሴት የሰማ ሰው የቀጥታ ማሽን ምትና የሚንቀጠቀጥ የሰው ዜማ አንድ ላይ ሲሄዱ ምን እንደሚፈጥሩ ያውቃል።

ቪንስ ክላርክ ያንን አልበም ሠርቶ በዓመቱ መጨረሻ ወጣ። ዘፈን መጻፉ ለማርቲን ጎር ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን የጻፈው እሱ ነው። በ«ሜሜንቶ ሞሪ» ላይ ግን ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አለ። አራቱን ዘፈኖች ጎር የጻፋቸው ከሳይኬደሊክ ፈርስ ባንዱ ሪቻርድ በትለር ጋር ነው፤ መጀመሪያ ለብቻው የወጣው «ጎስትስ አጌን» ከእነዚህ አንዱ ነው። «ዋጊንግ ታንግ»ን ደግሞ ጎርና ጋን አብረው ጻፉት። የሁለቱን የብዙ ዓመት ልማድ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎር ጽፎ ያመጣል፣ ጋን የራሱን ዘፈኖች ለየብቻ ያቀርባል እንጂ አብሮ መጻፍ ብርቅ ነበር።

ፕሮዲዩሰሩ ጄምስ ፎርድ ነው፤ የ2017ቱን አልበም የሠራውም እሱ ነበር። አብራው የሠራችው ጣሊያናዊቷ ማርታ ሳሎኒ በቴፕ ማሽን ሥራዋ የምትታወቅ ባለሙያ ናት። የቴፕ ጥቅም በዚህ አልበም ላይ በግልጽ ይሰማል። ንጹሕ የዲጂታል ድምፅ ቴፕ ላይ ሲያልፍ ከላይ ያለው ስለት ይለዝባል፣ ፍጥነቱ በትንሹ ስለሚዋዥቅ ቃናው ይንቀጠቀጣል፤ ደጋግሞ ሲያልፍ እየደበዘዘ ይሄዳል። የሚደበዝዝ ድምፅ ስለሚያልፍ ሰው ለተጻፈ ግጥም ከዚህ የተሻለ ምን ሊገኝለት ይችላል?

3ኛ ቀን፦ በርሊን፣ ሃንዛ

ከለንደን በርሊን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። የበርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የከተማው ትራንስፖርት «ሲ» በሚለው ቀጣና ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚገዛው ቲኬት «ኤቢሲ» መሆን አለበት። «ኤቢ» የያዘ ሰው ተቆጣጣሪ ቢያገኘው 60 ዩሮ ይከፍላል። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ከመሳፈር በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ያልተመታ ቲኬት እንደሌለ ይቆጠራል።

ሃንዛ ስቱዲዮ ከፖትስዳመር ፕላትስ በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ኬተነር ሽትራሰ ቁጥር 38 ላይ ነው። አሁንም የሚሠራ ስቱዲዮ ስለሆነ እንዲሁ ሄዶ መግባት አይቻልም፤ አስቀድሞ የተያዘ አስጎብኚ ያስፈልጋል። ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፣ አዳራሹ ሲከራይም ጉብኝቱ ይሰረዛል፤ ስለዚህ የበርሊኑን ቀን ከመወሰን በፊት መጀመሪያ ይህን መያዝ ይሻላል።

በ1980ዎቹ የበርሊን ግንብ ከዚህ ሕንፃ ትንሽ ራቅ ብሎ ይታይ ነበር። ዲፔሽ ሞድ በ1983 ሦስተኛ አልበሙን እዚህ ሚክስ አደረገ፤ የ1984ቱንና የ1986ቱን አልበሞችም ከፊሉን የሠራው እዚሁ ነው። ጎርም በዚያ ጊዜ በርሊን ይኖር ነበር። የባንዱ ድምፅ ከልጅነት ወደ ጉልምስና የተሻገረው በእነዚህ ሦስት ዓመታት ነው ብንል አልተጋነነም።

ሚስጥሩ ማይስተርዛል የተባለው በ1913 የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሲንተሳይዘር በገመድ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሲገባ በዙሪያው አየር የለውም፤ ጊታርና ድራም ግን ሁልጊዜ የክፍሉን ማስተጋባት ይዘው ነው የሚቀዱት። የድምፅ ባለሙያው ጋሬት ጆንስ መፍትሔ ነበረው። የተቀዳውን የሲንተሳይዘር መስመር አዳራሹ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ይለቀዋል፣ ማይክሮፎን ራቅ አድርጎ ያቆማል፣ የተመለሰውን ድምፅ በሌላ ትራክ ይቀዳል፣ ከዚያ ደረቁንና እርጥቡን (በገመድ የተቀዳውንና ማስተጋባት የያዘውን) ያዋህዳል። ይህን ቤት ውስጥ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ደረጃ ቤት ወይም ባዶ ጋራዥ ቢጠቀም ይሠራለታል። መጠንቀቅ ያለበት ሁለቱን ቅጂዎች ሲያዋህድ ነው። ከስፒከር እስከ ማይክሮፎን ያለው ርቀት ድምፁን ያዘገየዋል (በየ3.4 ሜትሩ አንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል)፤ በዚህ መዘግየት ምክንያት አንዳንድ ፍሪኩዌንሲ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ቤዙም ይከሳል። ቤዙን ደረቅ አድርጎ ትቶ ላይኛውን ብቻ ወደ አዳራሹ መላክ ይሻላል።

በዚሁ ዘመን ነው ባለሙያዎቹና አባላቱ ፍርስራሽ ቦታ እየሄዱ ቆርቆሮና ቱቦ እየመቱ በቴፕ ይቀዱ የነበረው። የተቀዳው ምት ወደ ሳምፕለር ይገባና እንደ ኪቦርድ ኖታ ይጫወቱታል።

4ኛ ቀን፦ ምሥራቅ በርሊን

ይህ ቀን ቀለል ያለ ነው። ጠዋት በላንድስበርገር አሌ ጣቢያ ወርዶ ቬሎድሮም የተባለውን የስፖርት አዳራሽ ማየት ነው። በቦታው ቀድሞ የነበረው ቨርነር ዜለንቢንደር አዳራሽ ፈርሷል። ዲፔሽ ሞድ ግንቡ ገና ሳይወድቅ፣ ማርች 7 ቀን 1988፣ በዚያ አዳራሽ ተጫውቷል። ዝግጅቱ የምሥራቅ ጀርመን የወጣቶች ማኅበር የልደት በዓል ተብሎ ነበር፤ ቲኬቱም የሚታደለው በማኅበሩ በኩል ነው። ያልደረሳቸው ወጣቶች ከውጭ ቆመው ቀሩ። ጀርመኖች፣ በተለይ የምሥራቆቹ፣ ይህን ባንድ እንደ ራሳቸው የሚቆጥሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፍሪድሪሽ ሽትራሰ ጣቢያ አጠገብ ያለው በርሊነር አንሳምብል ቲያትር። ኦክቶበር 4 ቀን 2022 ጋንና ጎር እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ብቻ ሆነው ተቀምጠው አዲሱን አልበምና ቱሩን ይፋ አደረጉ። ፍሌቸር ካረፈ አራት ወር ከሳምንት ነበር። ባንዱ ይቀጥላል ወይስ ይበተናል ለሚለው መልሱ የተሰጠው በዚህ ቤት ነው።

5ኛ ቀን፦ ኦሊምፒያ ስታዲየም

የበርሊኑ ስታዲየም የ1936ቱ ኦሊምፒክ የተካሄደበት ነው፤ ለእግር ኳስ 74,000 ያህል ሰው ይይዛል። ኮንሰርት በሌለበት ቀን ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ጨዋታ ወይም ዝግጅት ካለ ግን ይዘጋል፣ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በኤስ 3 ወይም በኤስ 9 ባቡር አለዚያም በምድር ባቡሩ ዩ 2 ይደረሳል።

ዲፔሽ ሞድ እዚህ የተጫወተው ጁላይ 7 እና 9 ቀን 2023 ነው። ፍሌቸር የተወለደው ጁላይ 8 ቀን 1961 ነው። በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለችው ባዶ ቀን የእሱ ልደት ነበረች።

በእነዚያ ምሽቶች መድረኩ ላይ ከኋላ «ኤም» የተባለው ፊደል በግዙፉ ቆሞ ነበር። ከፊቱ አራት ሰው፦ ጋን፣ ጎር፣ ከበሮ ላይ ኦስትሪያዊው ክርስቲያን አይግነር፣ ኪቦርድና ቤዝ ላይ ፒተር ጎርዴኖ። ሁለቱ ረዳቶች ከ1998 ጀምሮ በቱር ላይ ያሉ ናቸው። በፍሌቸር ቦታ ሌላ ሰው አልገባም።

ምሽቱ ይጀምር የነበረው በአዲሱ አልበም ሁለት ዘፈኖች ነው። ለስታዲየም ይህ ድፍረት ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ፈጣን ዘፈን ሲጠብቅ «ማይ ኮዝሞስ ኢዝ ማይን» በዝግታ ይገባል። ከ20 በላይ ከሚሆኑት ዘፈኖች አዲሶቹ አራት ወይም አምስት ናቸው። ይህን ጥቂት ነው ብሎ የሚያዝን አለ፤ እኛ ግን ልክ ይመስለናል። የቆዩት ዘፈኖች ከአዲሶቹ ጎን ሲቆሙ ትርጉማቸው ይለወጣልና።

ዋናው ማስረጃ «ወርልድ ኢን ማይ አይስ» ነው። በ1990 የወጣ፣ የሥጋ ደስታን የሚያወሳ ቀላል የዳንስ ዘፈን ነው። በዚህ ቱር ግን ጋን ለፍሌቸር መታሰቢያ ያቀርበዋል፤ ትልቁ ስክሪን ላይ የፍሌቸር ፎቶ ይወጣል። የዘፈኑ ፍጥነት አልተቀነሰም፣ የሚያስለቅስ ኮርድም አልተጨመረበትም። የድራሙ ምት እንደ ቀድሞው ይዘልላል፤ ሕዝቡ እየጨፈረ ያለቅሳል። በአልበሙ ላይ ያልተገኘው ተዝካር እዚህ ተገኘ፤ 33 ዓመት የሆነው የዳንስ ዘፈን ላይ።

ከመዝጊያው በፊት ጋንና ጎር ከመድረኩ ወደ ሕዝቡ በሚዘልቀው መተላለፊያ ጫፍ ሁለቱ ብቻ ይመጣሉ። «ዌይቲንግ ፎር ዘ ናይት»ን ያለ ድራም፣ ተጠጋግተው ይዘፍኑታል። የጋን ድምፅ ወፍራም ነው፣ የጎር ቀጭንና የሚንሳፈፍ። በሌላው ጊዜ ጎር ከኋላ ሆኖ ነው የሚያጅበው፤ እዚህ እኩል ናቸው። አስታራቂያቸው የሌለባቸውን ሁለት ሰዎች ለማየት የመጣ ሰው ማየት የነበረበት ይህን ነው። ቆየት ብሎ «ኔቨር ሌት ሚ ዳውን አጌን» ሲመጣ ስታዲየሙ በሙሉ እጁን አንሥቶ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ነፋስ እንደመታው የስንዴ ማሳ። ጁን 18 ቀን 1988 በፓሳዲና ሮዝ ቦውል ስታዲየም ከ60,000 በላይ ሰው ፊት የታየው ያ መወዛወዝ ነው እስከ ዛሬ በየከተማው የሚደገመው።

አሁን ስለ ድምፁ፤ ስታዲየም ውስጥ የት እንደሚቆም ሳያውቅ የሄደ ብዙ ያጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከመድረኩ 100 ሜትር የራቀ ሰው ስክሪኑ ላይ የከበሮው ዱላ ሲወርድ አይቶ ድምፁን የሚሰማው ከሰከንድ ሢሶ ገደማ በኋላ ነው። ለዚህ ሜዳው መሀል ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች ይቆማሉ፤ እነሱም ከመድረኩ ድምፅ ጋር እንዲገጥሙ በስሌት ይዘገያሉ። ሙቀት ሲቀንስ የድምፅ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ቀን የተሰላው መዘግየት ማታ እንደገና ይስተካከላል። በማማውና በመድረኩ መካከል፣ ወደ አንድ ጎን የቆመ ሰው ምቱን ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይህ ክፉ ነው፣ ምቱ ስለታም ስለሆነ ድርቡ ይጎላል። የተሻለው ቦታ የድምፅ ባለሙያዎቹ ጠረጴዛ ፊት ወይም አጠገብ ነው፤ ሚክሱ የሚሠራው እዚያ በሚሰማው መሠረት ነው። መድረኩ ሥር ያሉት ፊቶችን ያያሉ፣ ቤዙን በደረታቸው ይሰማሉ፣ የጋንን ቃል ግን ያጣሉ።

የሲንዝ ፖፕ (በሲንተሳይዘር የሚሠራ ፖፕ) ባንድ በመድረክ ላይ ምን ያህሉን በእጁ ይጫወታል የሚለው የዘወትር ክርክር ነው። የድሮዎቹ ድምፆች ከዋናው ቅጂ ወይም ከማሽኑ ተወስደው በሳምፕል ይቀመጣሉ፤ አሮጌ አናሎግ ማሽን በየከተማው ሙቀትና መኪና መንገጫገጭ ቃናውን ስለማይጠብቅ። ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ቤዙና ዋና ዋናዎቹ የኪቦርድ መስመሮች በሰው እጅ ናቸው። በእጅ የማይደረስባቸው የሲክወንሰር መስመሮች ከኮምፒውተር ይወጣሉ፤ ከበሮ መቺውም በጆሮው ቆጣሪ ምት እየሰማ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ሥራ ሁለት እኩል የሚሄዱ ኮምፒውተሮች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ሳይታወቅ ይረከባል። የጎር ግሬች ጊታር ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በከፍተኛ ድምፅ ፊት በቀላሉ ይጮኻል፤ ስፒከር ፊት ለፊት ከቆመ ፊድባክ ይነሳል።

ለጆሮ መጠንቀቅ የግድ ነው። በጀርመን የሙዚቃ ዝግጅት መለኪያ በ30 ደቂቃ አማካይ 99 ዴሲቤል ነው። በሥራ ጤና መለኪያ ደግሞ 100 ዴሲቤል ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ አይመከርም፤ ኮንሰርቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ላይኛውን ድምፅ ቆርጦ ሙዚቃውን ያደበዝዘዋል፤ ለሙዚቃ የተሠራው ባለ ማጣሪያ ግን እኩል ይቀንሳል።

ለማንኛውም የጀርመን ስታዲየም ኮንሰርት የሚሆን፦ ከኤ 4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ ብዙ ጊዜ አያስገቡም። ቲኬቱ ላይ 20:45 ካለ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2:45 ነው፤ በዚህ የተሳሳቱ ሰዎች አሉ። ለመጠጥ ኩባያው ማስያዣ ይከፈላል፣ ኩባያው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። ሲያልቅ ወደ ባቡሩ መሮጥ ዋጋ የለውም፤ ጣቢያው በር ላይ ሰው እየከፈሉ ነው የሚያስገቡት። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል።

6ኛ ቀን፦ ዱሰልዶርፍና ኮሎኝ

ፈጣኑ ባቡር ከበርሊን ወደ ዱሰልዶርፍ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ርካሹ ቲኬት ለተገዛበት ባቡር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ባቡሩ መድረሻው ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ግን በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀዳል፤ 60 ደቂቃ ከዘገየ የዋጋው ሩብ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ ግማሹ ይመለሳል። ማስረጃው እንዲኖር መተግበሪያው ላይ የሚታየውን መዘግየት ፎቶ ማንሣት ነው።

ዱሰልዶርፍ ላይ ከዋናው ጣቢያ አጠገብ ሚንትሮፕ ሽትራሰ ቁጥር 16 አለ፤ የክራፍትቨርክ የመጀመሪያው ክሊንግ ክላንግ ስቱዲዮ የነበረበት ግቢ ነው። ሲንተሳይዘር ብቻ ይዞ ፖፕ መሥራት እንደሚቻል ለባዝልደን ልጆች ካሳዩት አንዱ ይህ ባንድ ነው። ከውጭ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ አሥር ደቂቃ። ዲፔሽ ሞድ ጁን 4 እና 6 ቀን 2023 በዚህች ከተማ ስታዲየም ተጫውቷል።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር ወደ ኮሎኝ። ላንክሰስ አዳራሽ ለመድረስ ዋናው ጣቢያ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ያለው ኮሎኝ መሴ ዶይትስ ጣቢያ መውረድ ነው። በ1998 የተከፈተው አዳራሽ ላይ 76 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ተዘርግቷል፤ የአገሬው ሰው ቅስቱን አይቶ ሠራተኛ በሚይዘው ባለ እጀታ ምሳ ዕቃ ስም ይጠራዋል። አዳራሽ ከስታዲየም በድምፅ ይሻላል፣ ቤዙ ግን በጎን መቀመጫዎች ላይ ይጠራቀማል፤ ከመድረኩ ትይዩ ያለው የታችኛው ረድፍ ይመረጣል።

ማርች 23 ቀን 2023 ሳክራሜንቶ ላይ የተጀመረው ቱር ከ112 ኮንሰርት በኋላ ያለቀው እዚህ ነው፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2024። የመጨረሻው ዘፈን እንደ ሌላው ምሽት ሁሉ «ፐርሰናል ጂሰስ» ነበር።

ከአዳራሹ ወደ ዋናው ጣቢያ በእግር 25 ደቂቃ ያህል ነው፤ መንገዱ ራይን ወንዝን በሆኸንዞለርን ድልድይ ያቋርጣል፣ 400 ሜትር ገደማ። የአልበሙን 12ኛ ዘፈን «ስፒክ ቱ ሚ»ን ድልድዩ መግቢያ ላይ ይክፈቱ። የእግረኛው መንገድ ከሐዲዱ አጠገብ ስለሆነ ባቡር ሲያልፍ ብረቱ ይርገበገባል፤ ድምፁ ከዘፈኑ የታችኛው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፣ የቱ ከጆሮ ማዳመጫው የቱ ከድልድዩ እንደሚመጣ ለአፍታ አይለይም። ዘፈኑ የሚያልቀው ካቴድራሉ ፊት ለፊት ሲደርሱ ነው።